የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ሥልጠና ላይ መውደቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) የሚቀጥራቸው የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ሠልጣኞች የሚወድቁባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ኦክላሆማ ሲቲ ያለው አካዳሚ ነው፤ ሌላው ከአካዳሚው ወጥተው የሚመደቡበት ማማ ወይም የራዳር ማዕከል። ሁለቱም በሰው አፍ «ወደቀ» ነው የሚባሉት፤ የሚያስከትሉት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ይህ ልዩነት ስላልታወቀ ብቻ ሥራው ሊተርፍለት የሚችል ወጣት መልቀቂያ ጽፎ ይወጣል፤ ማረፊያ እንደሌለው ያላወቀው ደግሞ ቤቱን አፍርሶ ወደ ኦክላሆማ ይሄዳል። አሜሪካ ባለው ማኅበረሰባችን ውስጥ ልጆቻቸው ለዚህ ሥራ የሚያመለክቱ ቤተሰቦች አሉና፣ በተደጋጋሚ የሚነሱትን ግምቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«አካዳሚውን ካለፈ ተቆጣጣሪ ሆኗል»

አልሆነም። አካዳሚው የወራት ትምህርት ነው፤ ከመሠረታዊው ኮርስ ቀጥሎ ሠልጣኙ ወይ በማማ ወይ በረጅም ርቀት በረራ ቁጥጥር ዘርፍ በማስመሰያ መሣሪያ ይለማመዳል። ብቃቱ የሚረጋገጠው ግን በተመደበበት ቦታ፣ በእውነተኛ አውሮፕላኖች ላይ፣ ከወንበር ወንበር (ከአንዱ የሥራ ድርሻ ወደ ሌላው) እየተሸጋገረ ነው። ማማ ላይ ከበረራ መረጃ ይጀምራል፤ ከዚያ የበረራ ፈቃድ ማስተላለፍ፣ የምድር ቁጥጥር፣ በመጨረሻም ማኮብኮቢያውን የሚያዘው ወንበር ይመጣል። በራዳር ማዕከል ደግሞ ከመረጃ ወደ ራዳር ረዳት፣ ከረዳት ወደ ራዳር ወንበር ያድጋል። ሁሉንም ሲጨርስ «ሲፒሲ» (ሙሉ ብቃቱ የተረጋገጠ ተቆጣጣሪ) ይባላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል።

ብቃቱ የቦታው ነው። አትላንታ ላይ ያገኘው ማረጋገጫ ዴንቨር ላይ አያሠራውም፤ የአየር ክልሉን ካርታ፣ የአካባቢውን ስምምነቶችና የትራፊኩን ባህርይ እንደ አዲስ መማር አለበት።

«አካዳሚ ላይ የወደቀ ቀለል ያለ ቦታ ይሰጠዋል»

ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳበት ግምት ይህ ነው። የአካዳሚ ሠልጣኝ የተቀጠረው በጊዜያዊ ቅጥር ነው። ለማለፍ ከ100 ነጥብ ቢያንስ 70 ያስፈልጋል፤ ከነጥቡ አብዛኛው የሚመጣው መጨረሻ ላይ በማስመሰያ መሣሪያ ከሚሰጡት ጥቂት የተግባር ፈተናዎች ነው። ሁለት አውሮፕላኖች መካከል ያለውን ርቀት ማሳጣት ብዙ ነጥብ ያስቆርጣል። የተሳሳተ ቃል፣ የዘገየ ርክክብ፣ ያልተመዘገበ የከፍታ ለውጥ ደግሞ እየተጠራቀሙ ይጎዳሉ። ነጥቡ ካልሞላ ቅጥሩ ያበቃል። የሚዛወርበት ማማ የለም፤ ወደ ቤቱ ነው የሚመለሰው። በ2025 የአሜሪካ ትራንስፖርት ባለሥልጣናት በይፋ እንደተናገሩት አካዳሚው ላይ የሚወድቀው ሠልጣኝ ከ30 በመቶ በላይ ነው።

ስለዚህ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ የሚሄድ ሰው ከማለፉ በፊት የቤት ኪራይ ውሉን ባያፈርስ፣ ቤተሰቡን ባያነቃንቅ፣ የቀድሞ አሠሪውንም በሰላም ቢሰናበት ይሻለዋል። ከ2024 ጀምሮ እንደ ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲና ቱልሳ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያሉ ተቋማት ከአካዳሚው ጋር እኩል የሆነ ሥልጠና እንዲሰጡ ተፈቅዶላቸዋል። ተመራቂው አካዳሚውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ምድብ ቦታው ይሄዳል። ቀላል መንገድ ግን አይደለም፤ የብቃት ፈተናው እዚያም አለ፣ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ ተማሪው ነው የሚሸፍነው።

«ምድብ ቦታው ላይ የወደቀ በማግሥቱ ይባረራል»

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በምድብ ቦታ «ወድቀሃል» ከመባሉ በፊት ረጅም ሂደት አለ፣ ሂደቱም ሲያልቅ መባረር ብቸኛው ውጤት አይደለም።

እያንዳንዱ ወንበር የታለመ የልምምድ ሰዓት ተመድቦለታል። ሠልጣኙ ከአሠልጣኙ ጋር በተቀመጠ ቁጥር ሰዓቱና አፈጻጸሙ በሪፖርት ይመዘገባል፤ ምን ጥሩ ሠራ፣ ምን ጎደለው፣ ምን ተነገረው የሚለው ሁሉ ይጻፋል። ሰዓቱ እያለቀ እድገቱ ካልታየ የሥልጠና ቡድኑ ከሠልጣኙ ጋር ይቀመጣል። ድክመቱ በግልጽ ይለይና በዚያ ላይ ብቻ ያተኮረ ማጠናከሪያ ሊሰጠው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በማስመሰያ መሣሪያ ላይ። ተጨማሪ ሰዓትም ሊፈቀድ ይችላል። ያም ካልረዳ ሥልጠናው ይታገድና ማኅደሩ ይመረመራል፤ የሚጠየቀው ሠልጣኙ ምን አጠፋ ብቻ አይደለም፤ ሥልጠናው ራሱ በአግባቡ ተሰጥቶታል ወይ የሚለውም ነው። ከዚያ የቦታው ሥራ አስኪያጅ ይቀጥል ወይም ይቁም ብሎ ይወስናል።

ከቆመ ሁለት መንገድ አለ፤ ውስብስብነቱ ዝቅ ወዳለ ቦታ መዛወር ወይም ከሥራ መሰናበት። የኤፍኤኤ ማማዎችና ማዕከሎች ከ4 እስከ 12 በደረጃ የተከፈሉ ናቸው። ደረጃ 12 የራዳር ማዕከል ላይ ያልሆነለት ሠልጣኝ ደረጃ 5 ወይም 6 ማማ ላይ ጎበዝ ተቆጣጣሪ ሊሆን ይችላል፣ ብዙዎችም ሆነዋል። የደመወዝ መደቡ ግን ከቦታው ደረጃ ጋር ስለሚሄድ ይቀንሳል፤ ይህን ቀድሞ አውቆ በጀትን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ውሳኔው የሚደገፈው በማኅደሩ ላይ ነው። ስንት ወንበር አልፏል? የመጨረሻዎቹ ሪፖርቶች መሻሻል ያሳያሉ? ሥልጠናው ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር? አሠልጣኞቹ ስንት ጊዜ ተቀያየሩ? ስለዚህ ሠልጣኙ ሪፖርቱን ሲፈርም አስተያየቱን በጽሑፍ ማስፈር አለበት። «በዚህ ፈረቃ የነበረው ትራፊክ ስድስት አውሮፕላን ብቻ ነው» ወይም «ከሦስት ሳምንት ዕረፍት በኋላ የመጀመሪያዬ ቀን ነው» የሚል አንድ መስመር ከዓመት በኋላ ማኅደሩን ለሚያገላብጥ ሰው ብዙ ይናገራል። በቃል የተነገረ ቅሬታ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የለም። የተቆጣጣሪዎቹ ማኅበር (ናትካ) ተወካይም በየቦታው ስላለ፣ ሥልጠናው ከመታገዱ በፊት እሱን ማነጋገር መልካም ነው።

«ውሳኔው ሳይመጣ መልቀቅ ለክብርም ለመዝገብም ይሻላል»

ይሉኝታችን እዚህ ላይ ነው የሚጎዳን። «አባረሩት» እንዳይባል መልቀቂያ ያስገባ ሰው ወደ ዝቅተኛ ደረጃ ቦታ የመዛወርን ዕድል በገዛ እጁ ይዘጋል፤ ምክንያቱም የሚዛወረው ሠራተኛ የሆነ ሰው ነው። ሌላም አለ፦ የሥራ አጥነት ድጎማ የሚወሰነው በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ሲሆን፣ በቂ ምክንያት ሳይኖረው በፈቃዱ የለቀቀ ሰው በአብዛኛው ይከለከላል። ጥሮ ብቃቱን ሳያሟላ የተሰናበተ ሰው የሚታየው ከዚያ በተለየ ዓይን ነው።

«የወደቀው ስለ ሰነፈ ነው»

ሰነፍ እዚያ ድረስ አይደርስም። የመግቢያ ፈተናውን፣ የጤና ምርመራውን፣ የጀርባ ማጣሪያውንና አካዳሚውን አልፎ ነው የመጣው። የሚጥለው ሌላ ነው።

በራዳር ላይ ዋናው ጊዜ ነው። በ480 ኖት (በሰዓት 480 የባሕር ማይል) የሚበሩ ሁለት ጄቶች ፊት ለፊት ሲመጡ እያንዳንዳቸው በደቂቃ 8 የባሕር ማይል ይጓዛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በደቂቃ 16 ማይል ይጠባል ማለት ነው። 40 ማይል ተራርቀው ያያቸው ተቆጣጣሪ፣ በመካከላቸው መጠበቅ ያለበትን አምስት ማይል ላለማሳጣት ያለው ጊዜ ከሁለት ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የሚወድቀው ሠልጣኝ ብዙ ጊዜ ግጭቱን አይቶታል፤ ያዘዘው ግን ዘግይቶ ነው። ወይም ዓይኑ አንድ ችግር ላይ ተተክሎ የስክሪኑ ሌላ ጥግ ተረስቷል። ወይም አብራሪው ትእዛዙን ሲደግም 240 የነበረውን 250 ብሎ መልሶ አልሰማውም፤ ጆሮው ወደሚቀጥለው ጥሪ ሄዷል። ማማ ላይ ደግሞ የተለመደው መርሳት ነው፦ ማኮብኮቢያው ላይ የገባ ተሽከርካሪ ወይም ተሰልፎ ፈቃድ የሚጠብቅ አውሮፕላን። ለዚህ ነው ማስታወሻ ምልክት ማስቀመጥን ልማድ ያላደረገ ሠልጣኝ ትራፊኩ ሲበዛ የሚፈርሰው።

አንድ ስውር ወጥመድ አለ። አሠልጣኙ ደግ ሆኖ ቀድሞ ሹክ ሲለው ሠልጣኙ ሳያውቀው መጠበቅ ይለምዳል። ሰዓቱ ይቆጠራል፣ ውሳኔ የመስጠት አቅሙ ግን አያድግም። በየጊዜው «ዛሬ እስክሳሳት ድረስ ዝም በለኝ» ብሎ አሠልጣኙን መለመን ያስፈልጋል።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የሠልጣኙ አይደለም። ቦታው የሰው እጥረት ካለበት አሠልጣኞቹ ራሳቸው ወንበር ላይ ናቸው፤ ሥልጠና ይቆራረጣል። በ2020 በኮቪድ ምክንያት በብዙ ቦታዎች የወንበር ሥልጠና ለወራት ቆሞ ነበር።

«አንድ ስህተት ሠርቶ ነው፤ ለነገሩ ሠልጣኝ እውነተኛ አውሮፕላኖችን መቆጣጠሩስ አደጋ አይደለም?»

ሠልጣኙ በሚማርበት ወንበር ላይ ብቻውን አይደለም። አሠልጣኙ በዚያው ወንበር ላይ ማዳመጫውን ሰክቶ ይቀመጣል፤ በማንኛውም ቅጽበት የሠልጣኙን ድምፅ አቋርጦ ራሱ መናገር ይችላል፣ ለወንበሩም ኃላፊው እሱ ነው። ሠልጣኙ ብቻውን የሚሠራው ብቃቱ በተረጋገጠበት ወንበር ላይ ብቻ ነው። በልምምድ ላይ የደረሰ አንድ ስህተትም በራሱ አያስወድቅም። የሚያስወድቀው ያው ስህተት ከሪፖርት ሪፖርት ሲደጋገም ነው።

«የሐበሻ አክሰንት ያስወድቃል»

መሥፈርቱ እንግሊዝኛን በመገናኛ መሣሪያ ላይ በግልጽ መረዳት በሚቻል ሁኔታ መናገር ነው። የትውልድ ዘዬ አይለካም። የሬዲዮ ቋንቋ ራሱ ከመደበኛው አነጋገር የተለየ ነው፤ ዘጠኝ «ናይነር»፣ ሦስት «ትሪ»፣ አምስት «ፋይፍ» ይባላል። የሚያስቸግረው ፍጥነት ነው፦ ተቻኩሎ ቁጥሮችን ማጣበቅ፣ ቃል በመሃል መዋጥ፣ ከተደነገገው ሐረግ ወጥቶ ማብራሪያ መስጠት። ይህ እዚያው የተወለደውንም ይጥለዋል። በየቀኑ የአውሮፕላን መጠሪያዎችን ጮክ ብሎ እያነበቡ ድምፅን ቀርጾ መስማት ርካሽና ውጤታማ ልምምድ ነው።

«ሲፒሲ የነበረ ሰው ተዛውሮ ቢወድቅ ሁሉንም ያጣል»

አያጣም። በሌላ ቦታ ብቃቱን ያስመሰከረ ነውና በተለምዶ ወደሚሆነው ቦታ ይመደባል፤ ደመወዙ ከአዲሱ ደረጃ ጋር ይሄዳል።

«ምንም አይደል፣ ዓመት ጠብቆ እንደገና ይገባል»

ዕድሜ ያግዳል። ያለ ልምድ የሚያመለክት ሰው ዕድሜው ከ31 በታች መሆን አለበት፣ የአሜሪካ ዜግነትም ግዴታ ነው፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። ተቆጣጣሪዎች በ56 ዓመታቸው በግድ ጡረታ ስለሚወጡ ነው የመግቢያው ዕድሜ እንዲህ የጠበበው። በ29 ዓመቱ የሚጀምር ሰው ሁለተኛ ዙር ላይ ተስፋ መጣል የለበትም።

«አሜሪካ ካልሆነለት ቦሌ ሄዶ ይሠራል»

የኢትዮጵያ የአየር ትራፊክ አገልግሎት የሚሰጠው በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ፈቃዱም ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው መሥፈርት የሚሰጥ ነው። በዚያ መሥፈርት ለማማ ቁጥጥር ቢያንስ 90 ሰዓት ወይም አንድ ወር፣ ለአፕሮች (ወደ ኤርፖርት ለሚቃረቡ በረራዎች) እና ለአካባቢ ቁጥጥር ቢያንስ 180 ሰዓት ወይም ሦስት ወር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያህል በአሠልጣኝ ሥር መሥራት ይጠይቃል። አሜሪካ ላይ በግማሽ የቆመ ሥልጠና ፈቃድ አይሆንም።

«ከአቪዬሽን ጋር ተቆራርጧል»

ከተሰናበተ በኋላ የሚቀሩ በሮች አሉ። የመጀመሪያው የበረራ ዲስፓቸር (በአየር መንገድ ውስጥ በረራዎችን የሚያቅድና የሚከታተል ባለሙያ) ፈቃድ ነው። የሚፈቀደው ኮርስ ቢያንስ 200 ሰዓት ነው፤ ፈተናውን በ21 ዓመት መፈተን፣ ፈቃዱን በ23 መያዝ ይቻላል፣ እንደ ቁጥጥሩ የ31 ዓመት ገደብም የለበትም። ሜትሮሎጂውን፣ የአየር ክልሉን፣ የበረራ ሕጎቹን ቀድሞ ስለተማረው ለእሱ ከሌላው ይቀላል። ማማ ላይ ሙሉ ብቃት አግኝቶ ኋላ በሌላ ቦታ ያልሆነለት ሰው ደግሞ በኮንትራት በግል ድርጅቶች የሚመሩትን ማማዎች ማየት ይችላል፤ በአገሪቱ ከ250 በላይ አሉ። የኤርፖርት ኦፕሬሽን ክፍሎችም ይህን ዕውቀት ይፈልጋሉ።

ከመውጣቱ በፊት የወረቀቱን ጉዳይ መጨረስ አለበት። የቅጥርና የስንብት ማስረጃ የሆነውን ኤስኤፍ-50 እና ለሥራ አጥነት ድጎማ የሚያስፈልገውን ኤስኤፍ-8 ይቀበል። የሥልጠና ሪፖርቶቹን ቅጂም ይጠይቅ። የፌዴራል ጤና መድን የነበረው ሰው ከተቋረጠበት በኋላ 31 ቀን ያለ ክፍያ ይሸፈናል፤ ከዚያ በራሱ ወጪ እስከ 18 ወር ማስቀጠል ይችላል። በፌዴራል ሠራተኞች የጡረታ ቁጠባ ዕቅድ (ቲኤስፒ) ውስጥ ያስቀመጠው ገንዘብና መንግሥት በማዛመድ የጨመረለት የራሱ ነው፤ መንግሥት በራሱ የሚያስገባው 1 በመቶ ግን ሦስት ዓመት ሳያገለግል ከወጣ ይቀርበታል። የስንብቱ ቀን ለሦስተኛ ዓመቱ ሳምንታት ብቻ ሲቀሩት ከዋለ፣ የቀረው የዓመት ፈቃድ ቀኑን ሊገፋው ይችል እንደሆነ የሰው ኃይል ክፍሉን ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ።