«ጠበኛ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጅማ ሂርማታ ገበያ ውስጥ «እሱ ጠበኛ ነው» እና «እሱ ጠበኛዬ ነው» ቢባል ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ስህተቱም በብዛት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

ቃሉ የተሠራው «ጠብ» ከሚለው ስም እና ከ«-ኛ» ነው፤ «ጉልበተኛ»፣ «ነገረኛ» እንደሚባለው። ብቻውን ሲቆም የሰውየውን ጠባይ ይናገራል፦ በትንሽ በትልቁ የሚጋጭ፣ የባጃጅ ሒሳብ ብር ጎደለ ብሎ አንገት የሚይዝ። «-ዬ»፣ «-ህ»፣ «-ው» ሲጨመርበት ግን ጠባዩ ይቀርና ግንኙነቱ ይመጣል። «ጠበኛዬ» የተጣላሁት ሰው ማለት ነው፤ ያ ሰው እጅግ ጨዋ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌዎች «ጠበኞቹን አስታረቅን» ሲሉም የተጣሉትን ወገኖች ማለታቸው እንጂ ስድብ አይደለም። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት «ጠበኛ ነው» ማለት ጠባይን መክሰስ ነው፤ ቅያሜን ብቻ ለመግለጽ «ተቀያይመናል» ይበቃል።

ከጎረቤት ቃላትም ይለያል። «ተደባዳቢ» እጁን የሚያነሳ ነው፤ «ነገረኛ» በምላሱ የሚያቆስል። «ጠብ አጫሪ» ደግሞ ጠቡን የሚለኩሰው ነው፤ ክብሪት እንደሚጫር ማለት ነው። ለንግግርና ለድርጊትም ይሆናል፦ «ጠብ አጫሪ ንግግር» ያስኬዳል፣ «ጠበኛ ንግግር» ግን ጆሮ ይቆረቁራል። ጠብ ፍለጋ የሚዞረውን ሕዝቡ «ጠብ ያለሽ በዳቦ» ይለዋል፤ ጠብ ካለሽ በዳቦ እገዛለሁ እንደማለት ነው።