ጠጅ የመሰለን ወይን፦ ስለ ጆርጂያ ወይን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ፋሲካ ቤታችን አንድ ጠርሙስ ወይን ገባ። ያመጣው ከጆርጂያ ዋና ከተማ ከትብሊሲ የተመለሰ ወዳጃችን ነው። ብርጭቆ ላይ ሲቀዳ አጎቴ "ጠጅ ነው እንዴ?" አሉ። እውነትም ቀለሙ ከጥሩ ጠጅ አይለይም። ወርቃማ ሆኖ ትንሽ ወደ ቀይ ሻይ ያደላል። አንዴ ጎንጨት አሉና ፊታቸውን አኮሳተሩ። ጣፋጭ ሲጠብቁ ደረቅ ሆነባቸው። ብዙ እንደቆየ ሻይ ምላስ ይይዛል።

"ይሄ ነገር ተበላሽቷል" ተባለ። አልተበላሸም። ያን ቀን ማዕድ ላይ ስለ ጆርጂያ ወይን ከተወራው አብዛኛው ልክ አልነበረም። ሌላም ቦታ ደጋግሜ ስለምሰማው አንድ በአንድ ላንሳው። ጆርጂያ ስል አበሻ የሞላባትን አትላንታን የያዘችውን የአሜሪካ ግዛት አይደለም። በካውካሰስ ተራሮችና በጥቁር ባሕር መካከል ያለችውን አገር ነው።

"ወርቃማው ወይን ከብርቱካን ነው የሚሠራው"

ፈረንጆቹ "ኦሬንጅ ዋይን" ስለሚሉት ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ማር አለበት የሚልም አለ። ሁለቱም የሉበትም። ከነጭ የወይን ፍሬ ብቻ ነው የሚሠራው። በተለመደው አሠራር ነጭ ወይን ሲጠመቅ ፍሬው ይጨመቅና ጭማቂው ለብቻው ይፈላል። ጆርጂያኖች ግን፣ በተለይ በምሥራቋ ካኬቲ፣ ጭማቂውን ከልጣጩ፣ ከዘሩና ከዘለላው እንጨት ጋር አንድ ላይ ያፈሉታል። ቀለሙም ምላስ የሚይዘው ነገርም ከዚያ ይመጣል። ሻይ ቅጠል ውሃ ውስጥ በቆየ ቁጥር እንደሚጠነክረው ማለት ነው።

ይህን ልጣጭና ዘር እነሱ "ቻቻ" ይሉታል። እኛ የጠጁን "አምቡላ" እንደምንለው ነው። ከቻቻው አረቄም ያወጣሉ። የአረቄውም ስም ቻቻ ነው።

"መሬት ውስጥ የሚቀብሩት ለብዙ ዓመት እንዲያረጅ ነው"

ጋን እያየን ላደግን ሰዎች ክቬቭሪን መረዳት አይከብድም። እንቁላል የሚመስል ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። እስከ አፉ መሬት ውስጥ ይቀበራል። አንዳንዱ ጥቂት መቶ፣ አንዳንዱ ብዙ ሺህ ሊትር ይይዛል። ውስጡ በንብ ሰም ይቀባል። ሠሪው በአንድ ቀን አያቆመውም። የታችኛው እስኪጠነክር እየጠበቀ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ለአንዱ ጋን ሳምንታት ይፈጃሉ።

የሚቀበረው ለሙቀቱ ነው። አፈሩ ወይኑ ሲፈላ ከመጠን በላይ እንዳይግል፣ በብርዱ ወራትም ክፉኛ እንዳይቀዘቅዝ ይጠብቀዋል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ፍሬው ተረግጦ ይገባል። መፍላት ሲጀምር ልጣጩ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በቀን ደጋግመው በእንጨት ወደ ታች ይጫኑታል። መፍላቱ ሲያልቅ ራሱ ይሰምጣል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይህኛው ነው፦ ጋኑ ታቹ ሹል ስለሆነ መራራው ዘር ጫፉ ላይ ይከማቻል። ልጣጩ ደግሞ ከላዩ ይተኛበታል። ዘሩ ተሸፈነ ማለት ነው፤ ከወይኑ ጋር እንደ ልብ አይነካካም። ከዚያ አፉ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል። በካኬቲ ልማድ አምስት ስድስት ወር ይቆይና መጋቢት፣ ሚያዝያ አካባቢ ይከፈታል።

ዩኔስኮ ይህን አሠራር በ2013 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። በዚህ የተነሳ ደግሞ የጆርጂያ ወይን ሁሉ ከጋን የሚወጣ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ለገበያ የሚቀርበው አብዛኛው በብረት በርሜል፣ በአውሮፓ አሠራር የተጠመቀ ነው። ያም ቢሆን የትናንት ነገር አይደለም። ልዑሉና ገጣሚው አሌክሳንደር ቻቭቻቫዜ በጺናንዳሊ ርስቱ ላይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓውን አሠራር ይጠቀም ነበር።

"አንዱን የቀመሰ ሁሉንም ቀመሰ"

ይህኛው ነው በጣም የሚቆጨኝ። ትንሽ አገር ናት፤ ግን ከ500 በላይ የራሷ የወይን ዝርያዎች አሏት። ጣዕሙም ከክፍለ አገር ክፍለ አገር ይለያያል። ነገሩን ለመያዝ ቀላሉ መንገድ "ጋኑ ውስጥ ምን ያህል አምቡላ ገባ?" ብሎ መጠየቅ ነው።

ካኬቲ ሁሉንም ታስገባለች። አጎቴን ያኮሳተራቸው ርካጺቴሊ ከሚባለው የዚያ አገር ነጭ የወይን ዝርያ የተሠራው ነው። ወደ ምዕራብ ኢሜሬቲ ሲሄዱ ጋኑ ራሱ ስሙ ይቀየርና "ቹሪ" ይባላል። እዚያ ከልጣጩ ጥቂቱን ብቻ ያስገባሉ፤ የዘለላውን እንጨት አብዛኛውን ጊዜ ይተዉታል። ስለዚህ ጾሊኮውሪና ጺጽካ ከሚባሉት ዝርያዎች የሚወጣው ወይን ቀለል ያለ፣ ኮምጠጥ ያለና ፈካ ያለ ነው። ካኬቲ የከበዳቸው ከኢሜሬቲ ቢጀምሩ ይሻላል ባይ ነኝ። በጥቁር ባሕር በኩል ጉሪያ ውስጥ ከችኻቬሪ ፍሬ ሮዝ መልክ ያለው ለስላሳ ወይን ይሠራል። በድሮው ልማድ እዚያ ሐረጉ ትልልቅ ዛፍ ላይ ይወጣ ነበር፤ ለቀማውም ዛፍ ላይ ተወጥቶ ነው።

ከቀዮቹ ደግሞ ሳፔራቪን ሳላነሳ አላልፍም። ስሙ "ማቅለሚያ" እንደማለት ነው። የብዙ ቀይ ወይን ፍሬ ሥጋው ነጭ ነው፤ የዚህ ግን ውስጡም ቀይ ነው። ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ይጠንቀቅ።

"የጆርጂያ ወይን ጣፋጭ ነው"

ግማሽ እውነት አለው። በራጫ ተራሮች ኽቫንችካራ የሚባል፣ በካኬቲ ደግሞ ከሳፔራቪ የሚወጣ ኪንዝማራውሊ የሚባል፣ ከፊል ጣፋጭ ቀይ ወይን አለ። በቀድሞው ልማድ የራጫው ቅዝቃዜ መፍላቱን ሳያልቅ ስለሚያቆመው የፍሬው ስኳር ይቀራል። የሶቪየት ገበያ እነዚህን ይወድ ስለነበር ዝናው በእነሱ ወጣ። እኛም "ቀይ ወይን" ሲባል አክሱሚት ቀድሞ ስለሚታወሰን ወሬውን ለመቀበል አልተቸገርንም። አገሬው ማዕድ ላይ የሚቀርበው ግን በአመዛኙ ደረቅ ነው።

ሩሲያ በ2006 እ.ኤ.አ. የጆርጂያን ወይን ከገበያዋ አገደች። እገዳው እስከ 2013 ቆየ። ያኔ አብዛኛው የውጭ ሽያጭ ወደዚያ ስለነበር ጉዳቱ ከባድ ነበር። ጠማቂዎቹ ሌላ ገዢ ፍለጋ ሲወጡ ጥራትና የቆየው የጋን ወይን ዋጋ አገኙ። ዛሬም ትልቋ ገዢ ሩሲያ ናት።

"8,000 ዓመት የሚሉት ተረት ነው"

ተረት አይደለም። ከትብሊሲ በስተደቡብ ከሚገኙ ሁለት የጥንት መንደሮች በተገኘ የሸክላ ስብርባሪ ላይ የወይን አሲድ ቅሪት ተገኝቷል። ውጤቱ የታተመው በ2017 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 6000 ዓመት ገደማ ነው። ይህ ማለት ግን የዛሬው ክቬቭሪ ያኔም እንዲሁ ነበር ማለት አይደለም።

"ነጭ ወይን ስለሆነ በረዶ እስኪመስል ይቀዝቅዝ"

የኛም ስህተት ይኸው ነበር። ጠርሙሱ ፍሪጅ ውስጥ አድሯል። ወርቃማው ወይን በጣም ሲቀዘቅዝ ሽታው ይደበቅና የሚይዘው ነገር ብቻ ይጎላል። ከፍሪጅ አውጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት ይበጃል። ባዶ ሆድም አይመቸውም፤ የሚሠሩት ሰዎችም ከሥጋና ከአይብ ጋር ነው የሚጠጡት። የተረፈውን ጠረጴዛ ላይ ተውነው። ጥብሱ ሲቀርብ የደረቀ ዘቢብና የሻይ ሽታ ይዞ መጣ። ሁለተኛውን ብርጭቆ አጎቴ ራሳቸው ናቸው የቀዱት።