«አለርጂ የማያስነሳ ውሻ» ሲባል

አዘዞ ያለችው እህቴ ልጇ ውሻ በነካ ቁጥር ያስነጥሰዋል። «አለርጂ የማያስነሳ ቡችላ አለ አሉ፣ ፀጉሩ የማይረግፍ» ብላ ደወለችልኝ።

ስሙ ያሳስታል። ጣጣው ፀጉሩ አይደለም፤ በምራቁ፣ በሽንቱና ከቆዳው በሚረግፈው ብናኝ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ጨርሶ የሌለው ዝርያ የለም። ፀጉሩ እምብዛም የማይረግፈው ፑድል እንኳ ይልሳል፣ ቆዳውም ይረግፋል። መላጨትም አያድንም።

የኛ ሰው ውሻን ግቢ ማሳደሩ እዚህ ላይ ጠቅሟል። ችግሩ ክረምት ሲገባ ነው። የጎንደር ዝናብ ሲወርድበት አንጀታችን አይችልም፣ እናስገባዋለን። ከዚያ ምንጣፉና ጋቢው ብናኙን ይይዛሉ፤ ውሻው ከወጣ በኋላም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ቢያንስ መኝታ ቤት አይግባ፤ አልጋ ልብሱም በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ልጁ ትንፋሽ ካጠረው ግን ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።