በክር የተጠናከረ ሴራሚክ ምንድን ነው?

ለቤት ግድግዳ ጭቃ ሲቦካ ያየ ሰው ጭድ ለምን እንደሚገባበት ያውቃል። ጭቃው ብቻውን ቢመረግ ሲደርቅ ይተረተራል፤ ጭድ ካለበት ግን ስንጥቁ ሳይሰፋ ይያዛል። ለጄት ሞተር እሳት የሚሠራው በክር የተጠናከረ ሴራሚክም የሚነሣው ከዚሁ ሐሳብ ነው።

ሴራሚክ፣ ማለትም እንደ ሸክላ በእሳት የሚጠነክር ቁስ፣ እሳት አይፈራም፤ ክፋቱ መሰበሩ ነው። ብረት ጫና ሲበዛበት ይጎብጣል። ሸክላ ምጣድ ግን አንድ ጊዜ መሰንጠቅ ከጀመረ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። እንዲህ ያለ ነገር በሞተር ውስጥ አይታመንም።

ስለዚህ ከፀጉር በብዙ የቀጠኑ የሲሊኮን ካርባይድ (የሲሊኮንና የካርቦን ውሕድ) ክሮች፣ ራሱም ሲሊኮን ካርባይድ በሆነ ሴራሚክ ውስጥ ይቀበራሉ። ክሩን ያስገኘው ጃፓናዊው ሰይሺ ያጂማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሊኮን ያለበትን ፖሊመር (እንደ ፕላስቲክ ያለ ቁስ) እንደ ጥጥ ፈትሎ በሙቀት ወደ ሴራሚክ የመለወጥን ዘዴ ይፋ አደረገ።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ክሩና ሴራሚኩ አጥብቀው እንዲያያዙ አይፈለግም! አንድ አካል ከሆኑ ስንጥቁ ክሩንም ቆርጦ ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክር ቦሮን ናይትራይድ በሚባል ስስና ልል ሽፋን ይለበጣል። ስንጥቁ እዚያ ሲደርስ መንገዱን ስቶ በክሩ ጎን ይታጠፋል፤ ክሮቹም እንደ ድልድይ ሁለቱን ወገን ይዘው ቀስ በቀስ እየተንሸራተቱ ጉልበቱን በሰበቃ ይጨርሱታል። ስብራቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የተመዘዙት ክሮች እንደ ብሩሽ ቆመው ይገኛሉ። ጥንካሬው የመጣው ከዚያ ልል ሽፋን ነው።

ሊፕ የተባለው የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተር እ.ኤ.አ. በ2016 አገልግሎት ሲጀምር የተርባይኑን ተሽከርካሪ ክንፎች የከበበው ቀለበት ከዚህ ቁስ ተሠርቶ ነበር። ክብደቱ ቀድሞ ለዚህ ቦታ ይውል ከነበረው የኒኬል ቅይጥ ብረት ሲሶ ያህል ነው፤ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢም ይሠራል። ብረቱን ለማቀዝቀዝ ይባክን የነበረው አየር ስለሚቀንስ ነዳጅ ይቆጠባል።

ጠላቱ የውሃ እንፋሎት ነው። በደረቅ አየር ሲሊኮን ካርባይድ በላዩ የሲሊካ (የሲሊኮንና የኦክስጅን ውሕድ) ቆዳ አብቅሎ ራሱን ይከላከላል፤ ነዳጅ ሲነድ የሚወጣው እንፋሎት ግን ይህን ቆዳ ወደ ጋዝ ለውጦ ያጥበዋል። ለዚህም ኢተርቢየምን ከመሰሉ ማዕድናት የተሠራ የውጭ ልባስ ይቀባል። ልባሱ በተላጠበት ቦታ እንፋሎቱ ከሥሩ ያለውን ሴራሚክ እየበላ ያመነምነዋል።