አይኪው 100 ማለት ከመቶ መቶ ማለት አይደለም

በአእምሮ ችሎታ ፈተና ውጤት ላይ «አይኪው 100» የሚለውን ብዙ ወላጅ ጥያቄዎቹ በሙሉ እንደተመለሱ አድርጎ ያነበዋል። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ተፈታኙ ከዕድሜ እኩዮቹ አንጻር የት ላይ እንደሚገኝ ብቻ ነው።

ግራ መጋባቱ ከስያሜው ይጀምራል፤ አይኪው በእንግሊዝኛ «የአእምሮ ችሎታ ድርሻ» የሚለው ስም ምህጻር ነው፣ ድርሻ ማለትም የማካፈል ውጤት። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ስተርን እ.ኤ.አ. በ1912 የልጅ «የአእምሮ ዕድሜ» ለትክክለኛ ዕድሜው እንዲካፈል ሐሳብ አቀረበ፤ በኋላም ድርሻው በ100 ይባዛ ጀመር። በዚህ ስሌት የ10 ዓመት ልጆችን ጥያቄ የሚመልስ የ8 ዓመት ልጅ 125 ያገኛል። ለልጆች ያስኬዳል፤ የ40 ዓመት ሰው እንደ 50 ዓመት ሰው ያስባል ማለት ግን ምን ማለት ነው? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ዌክስለር እ.ኤ.አ. በ1939 ባወጣው ፈተና ማካፈሉን ትቶ የእኩዮችን አማካይ 100፣ መደበኛ ልይይቱን (ውጤቶች ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበትን መጠን) 15 አደረገ። ስሌቱ ተቀየረ፤ «ድርሻ» የሚለው ስም ግን፣ እንደ ብዙ አሮጌ ስም፣ ሳይቀየር ቀረ።

ስለዚህ ከ100 ሰዎች 68ቱ ገደማ ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ይውላሉ፤ 130 ያገኘ ደግሞ ከእኩዮቹ 98 በመቶ ያህሉን ይበልጣል። ሚዛኑ እውነተኛ ዜሮ፣ ማለትም «ምንም ችሎታ የለም» የሚል መነሻ፣ ስለሌለው፣ 115 ያገኘ 100 ካገኘው በ15 በመቶ ይበልጣል ማለት ስሕተት ነው። ከሁሉ በላይ መጠየቅ ያለበት እኩዮች የተባሉት እነማን እንደሆኑ ነው፤ በአሜሪካ ልጆች ላይ የተሰላ አማካይ፣ ጥያቄዎቹ ወደ አማርኛ ስለተተረጎሙ ብቻ፣ ለጎንደር ልጅ አማካይ አይሆንም።