ማድሁሜሃ፦ የስኳር በሽታ በአዩርቬዳ ሕክምና

ማድሁሜሃ በሳንስክሪት «የማር ሽንት» ማለት ነው። የጥንት ሕንድ ሐኪሞች የስኳር በሽታን በዚህ ስም የጠሩት የታማሚው ሽንት ጉንዳን ሲስብ አይተው ነው። ያለ ላቦራቶሪ፣ በጉንዳን ምስክርነት በሽታን መለየት ዛሬም የሚያስደንቅ አስተዋይነት ነው።

የሕንድ ጥንታዊ ሕክምና የሆነው አዩርቬዳ ጤናን የሚመለከተው ቫታ፣ ፒታ እና ካፋ በሚባሉ ሦስት የሰውነት ኃይሎች ሚዛን ነው። ፕራሜሃ የሚባሉት የሽንት ሕመሞች 20 ሲሆኑ 10ሩ ከካፋ፣ 6ቱ ከፒታ፣ 4ቱ ከቫታ ይመነጫሉ ይላል፤ ማድሁሜሃ ከመጨረሻዎቹ ወገን ነው። በሱሽሩታ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ታማሚዎችን ለሁለት ይከፍላል፦ ሕመሙ አብሯቸው የተወለደ ቀጫጮች፣ እና አለቅጥ በመብላትና ባለመንቀሳቀስ የታመሙ ወፍራሞች። ዘመናዊው ሕክምና ዓይነት 1 እና ዓይነት 2 ከሚለው ጋር በትክክል ባይገጥምም በጣም ይቀራረባል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ስለ አኗኗር የሰጡትን ምክር ነው። ሌላው የጥንት ሐኪም ቻራካ የበሽታውን መንስኤ ሲዘረዝር ተመቻችቶ መቀመጥን፣ እንቅልፍ ማብዛትን፣ እርጎን፣ አዲስ እህልንና የሸንኮራ ውጤቶችን ይጠቅሳል። ዋናው የታማሚ ምግብ ገብስ ነው። ሱሽሩታ ደግሞ ድሃው ታማሚ ረጅም መንገድ በእግሩ እንዲጓዝ፣ ከብት እንዲከተል ወይም የውኃ ጉድጓድ እንዲቆፍር ያዛል። ዛሬም ሐኪም «ክብደትዎን ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ» ሲል የሚሰጠው ምክር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከዕፅዋቱ መካከል ለእኛ የሚቀርበው አብሽ ነው። በእኛ ቤት አብሽ ሲዘፈዘፍ መራራው ውኃ ይደፋል፤ በሕንድ ግን ብዙ የስኳር ታማሚዎች ሌሊቱን የዘፈዘፉትን ውኃ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣሉ፣ ፍሬውንም ያኝካሉ። አብሽ ሲርስ የሚያወጣው የሚያሙለጨልጭ አሰር ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ጉርማር የተባለው ሐረግ ስሙ «ስኳር አጥፊ» ማለት ነው። ቅጠሉን አኝኮ ስኳር የቀመሰ ሰው አሸዋ የላሰ ያህል ጣዕም ያጣል፤ በቅጠሉ ያለው ንጥረ ነገር ምላስ ጣፋጭን የሚለይበትን ሥፍራ ለጊዜው ይዘጋዋልና። ከቪጃይሳር እንጨት በተጠረበ ኩባያ ያደረ ውኃ ደግሞ ሲነጋ ቡናማ ሆኖ ይጠጣል። ካሬላ የሚባለው መራራ አትክልት፣ የጃሙን ፍሬ፣ እርድና ኒምም በሰፊው ይሠራባቸዋል።

በ2023 ይፋ የሆነ አገር አቀፍ ጥናት በሕንድ 101 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከስኳር ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። መንግሥትም በ2014 ለባህላዊ ሕክምናዎች ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አቋቁሟል። በአብሽና በጉርማር ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተስፋ ሰጪ ቢሆኑም አብዛኞቹ ትንንሽና አጭር ናቸው። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን በቅጠል ቢተካ ሕይወቱን ያጣል። ኪኒን እየወሰደ ዕፅ የሚጨምርም ስኳሩ በድንገት ወርዶ ሊያልበው፣ ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው ስለሚችል አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት። በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በኢንተርኔት ከተገዙ 193 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ እንዳለባቸው አሳይቷል። አንዳንዱ ማዕድን ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው፤ ራሳ ሻስትራ የሚባለው ዘርፍ ብረቶችን አቃጥሎና አልሞ ለመድኃኒትነት ያውላቸዋል።