አርካይቭ ላይ ወጣ ማለት ተረጋገጠ ማለት ነው?

ግሩፓችን ውስጥ ይህ ጥያቄ ስለተደጋገመ ልመልሰው። አይደለም። አርካይቭ (arXiv) ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን መጽሔት ሳይገመግመው የሚለጥፉበት ድረ ገጽ ነው፤ በፈረንጆቹ 1991 ነው የተጀመረው። እዚያ ያሉት ሰዎች ጽሑፉ ከዘርፉ ጋር መሄዱን ያያሉ እንጂ ውጤቱን አይፈትሹም።

ከአርካይቭ አውርዳችሁ አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ያስወጣችሁትን ወረቀት እዩት። የመጀመሪያው ገጽ ግራ ጠርዝ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ቁጥርና ቀን አለ። የተለጠፈበት ቀን እንጂ የማረጋገጫ ማህተም አይደለም።

ስህተት ነው ማለትም አይደለም፣ አደራ! ሩሲያዊው የሂሳብ ሊቅ ፔሬልማን በፈረንጆቹ 2002 የፖይንካሬን ጥያቄ (ለረጅም ጊዜ ሳይፈታ የቆየ ታዋቂ የሂሳብ ጥያቄ ነው) መፍታት የጀመረበትን ጽሑፍ የለጠፈው እዚያው ነው፤ ለመጽሔት አልላከውም። ሌሎች የሂሳብ ሊቃውንት መስመር በመስመር ለዓመታት መርምረው ነው ትክክል ነው ያሉት።

ለመመረቂያ ጽሑፍ መጥቀስ ይቻላል ወይ የሚለው ግን ከትምህርት ክፍል ትምህርት ክፍል ይለያያል። አማካሪያችሁን ጠይቁ።